አልነካሁም፣ በእግሬ ነው!

ሳቄን ለመዋጥ ብዬ ስንቴ ወደ ጓዳ እንደሮጥኩ የጓዳው በር ነው የሚያውቀው። ፊቴን አኮሳትሬ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ፣ ጣቴን ቀስሬ ልጄን ልቆጣ እጀምራለሁ። እሷ አንዲት ነገር ጣል ታደርጋለች። በቃ፣ አለቀልኝ። ከዚያ ወዲያ ከንፈሬን ነክሼ መሸሽ ነው።

ልጄ ሁለት ዓመት ካለፋት ቆይታለች፤ ሦስተኛ ልደቷን እየተጠባበቅን ነው። ስሟን ትቼ ቤት ውስጥ እንደምንጠራት ሚጡ ልበላት። የምንኖረው ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ነው። ቤቱ ውስጥ እኔ፣ ባለቤቴ፣ እናቴና እሷ አለን። የቤቱ አለቃ ማን እንደሆነ መቼም አይጠፋችሁም።

ይህን የምጽፈው እዚህ ዕድሜ ላይ ያለ ልጅ ኖሯችሁ “እኔ ቤት ብቻ ነው እንዴ?” ለምትሉ ነው። ኧረ እኛም ቤት አለ! ከሞከርነው ውስጥ የሠራ አለ፤ ዞሮ እኛኑ የቀጣም አለ። ሁለቱንም ልንገራችሁ።

ከቡናው ልጀምር። የጅማ ሰው ሆኖ ከሌላ ነገር መጀመር ነውር ነው። እናቴ ከገጠር ዘመድ የላከላትን ጀንፈል፣ ማለትም ገና ያልተፈለፈለ ቡና፣ ግቢ ውስጥ ሰሌን ላይ አስጥታው ነበር። እዚህ አገር ፀሐይ ስትወጣ መሽቀዳደም ነው፤ ዝናቡ መቼ ተመልሶ እንደሚመጣ አይታወቅም። ሚጡ ሰሌኑን ካየች ጀምሮ አንድ ሥራ ብቻ ያዘች። በሁለት እጇ እየዘገነች ለዶሮዎቹ ታድላለች። ዶሮዎቹ ጠጋ ብለው ጫር ጫር አድርገው ይተዉታል። እሷ ግን አትሰለችም።

“ሚጡ፣ ቡናውን አትንኪ!” አልኳት።

“እሺ” አለች። የሚጡ እሺ ያስፈራል። ልብስ ላሰጣ ዞር ብዬ ስመለስ ሰሌኑ መሃል ላይ ቆማለች። ጫማዋን አውልቃ ዳር ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣዋለች። ሁለት እጆቿን ወደ ሰማይ ዘርግታለች። ጀንፈሉ ላይ በባዶ እግሯ ኮሽ ኮሽ እያደረገች ትመላለሳለች።

“ምን ነበር ያልኩሽ?”

“አልነካሁም! በእግሬ ነው!” ብላ እጆቿን የባሰ ከፍ አደረገቻቸው። ማስረጃ መሆኑ ነው።

ምን ልበል? እናቴ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ማድ ቤት ገባች። እኔም ተከተልኳት። “ተያት” አለችኝ እዚያ ሆና እንባዋን እየጠረገች፣ “ጀንፈል እኮ መገላበጥ አለበት። ትገላብጥልኝ!”

ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ ከመስጠቴ በፊት ቀዳዳውን እፈልጋለሁ። ትልቅ ሰው ቡና አትንኪ ሲባል ከአካባቢው ራቂ መባሉ ይገባዋል። የሁለት ዓመት ልጅ ውስጠ ወይራ ንግግር አታውቅም፤ የሰማችውን ትፈጽማለች፣ ያልተባለው ሁሉ የተፈቀደ ነው። ስለዚህ የማይደረገውን ከመዘርዘር የሚደረገውን መንገር ይቀላል። በማግስቱ ጀንፈሉ ሲሰጣ “እዚህ ድንጋይ ላይ ተቀመጪና ዶሮዎቹን ጠብቂልኝ” አልኳት። ዘበኛ ሆነች። ደግ አደረግሽ እንዳትሉኝ፤ የጎረቤት ዶሮ ሳይቀር አሳድዳ ሰፈሩን በጠበጠችው። ቡናው ግን ተረፈ።

በነገራችን ላይ በዚህ ዕድሜ ራስን መግታት የሚባለው ነገር ገና ጀማሪ ነው። የመጣልንን ሁሉ እንዳናደርግ የሚገታን የአንጎል የፊተኛው ክፍል አድጎ የሚጨርሰው በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ ነው። “ስንቴ ልንገርሽ!” ብዬ ስጮኽ ይህ ትዝ ይለኝና ራሴ እመልሳለሁ፤ ገና ሃያ ዓመት ትነግሪያታለሽ።

ሌላው ብዙ ሰው የሚመክረው ዘዴ ምርጫ መስጠት ነው። ልጁ እምቢ ለማለት ሲዘጋጅ ሁለት ነገር አቅርቡለት፣ አንዱን ሲመርጥ የወሰነው እሱ ይመስለዋል፣ እናንተም የፈለጋችሁት ይሆናል። ጥሩ ዘዴ ነው። እኛ ቤት የተሞከረው በቦቲ ጫማ ነበር። ጅማ ላይ ቦቲ የሌለው ልጅ ክረምቱን ቤት ነው የሚያሳልፈው፤ ጭቃው ቀልድ አያውቅም። ሚጡ ሁለት ቦቲ አላት፤ አንዱ የራሷ፣ አንዱ ከአክስቷ ልጅ የወረሰችው። ጠዋት ጠዋት ጫማ ማድረግ ጦርነት ነው።

ተንበርክኬ፣ ፈገግ ብዬ፣ ድምፄን አለስልሼ “የኔ ቆንጆ፣ ቀዩን ታደርጊያለሽ ወይስ ሰማያዊውን?” አልኳት።

አሰበች። ቀዩን አየች። ሰማያዊውን አየች።

“ወይሱን” አለች።

“እ?”

“ወይሱን! ወይሱን ነው የምፈልገው!”

ወይስ የሚባል ቦቲ አለመኖሩን ለማስረዳት ሞከርኩ። ጭራሽ ለቅሶ ሆነ። ደበቅሽብኝ ነው የምትለው። ባለቤቴ የአንገት ልብሱን አፉ ውስጥ ወትፎ ግድግዳ ላይ ተደግፏል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ አንዱን ቀይ አንዱን ሰማያዊ አድርጌላት “ይኸው፣ ወይስ ማለት ይሄ ነው” አልኳት። ደስ ብሏት ወጣች። ሰፈርተኛው እስከ ዛሬ ለምን የተለያየ ጫማ እንደማደርግላት ይጠይቀኛል።

ዘዴውን አልተውነውም። አሁን ግን ሁለቱንም ነገር በሁለት እጄ ይዤ ዝም ብዬ አቀርባለሁ፤ እሷ ትነካለች። ቃል ባነሰ ቁጥር ክርክርም ያንሳል። ደግሞ ምርጫ የምሰጠው በእውነት ምርጫ ባለበት ጉዳይ ብቻ ነው። “እንተኛ?” ብላችሁ ከጠየቃችሁ “እምቢ” መልስ ነው፤ ለመቀበል ተዘጋጁ። ሚጡ ደግሞ እምቢን በሁለት ቋንቋ ነው የምታውቀው። እኛ በአማርኛ ስናዛት “ላኪ!” ትላለች፣ የጎረቤት ልጆች በኦሮምኛ ሲያዟት “እምቢ!” ትላለች። ጅማ ማደግ ጥቅሙ ይሄ ነው።

አሁን ወደ በርጩማው ልለፍ፤ ዋናው ጉድ ያለው እዚያ ነው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ታውቁታላችሁ። እኛም ቤት አንድ አለ፤ እናቴ ቡና የምታፈላበት። እሱን የማረጋጊያ ወንበር አደረግነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ልጁ ሰው ሲመታ ወይም ሲነክስ ከነገሩ አውጥቶ ጸጥ ያለ ቦታ ማስቀመጥ፣ ምክንያቱን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር መንገር፣ ከዚያ ዝም ማለት። ጊዜውን ብዙዎች በዕድሜ ልክ ይሰፍሩታል፤ ለአንድ ዓመት አንድ ደቂቃ። የሁለት ዓመት ልጅ ሁለት ደቂቃ ትቀመጣለች ማለት ነው። ጨለማ ክፍል፣ በር መዝጋት የሚባል ነገር የለበትም። እኛ እያየናት፣ እሷም እያየችን ነው።

የመጀመሪያው ሰሞን ሠራ። ትቀመጣለች፣ ታኮርፋለች፣ ሰዓቱ ሲሞላ እቅፍ አድርጌ አነሳታለሁ። ከዚያ አሠራሩ ገባት። ገባት ስል ወንበሩን ተረከበችው።

መጀመሪያ አሻንጉሊቷ ተቀጣች። ጥፋቷ አልተገለጸም። ቀጥላ የጎረቤት ድመት ተቀጣች፤ ሁለት ደቂቃውን ግን አልጨረሰችም። ከዚያ አባቷ። አምሽቶ ሲገባ በሩ ላይ ጠበቀችውና “ቆየህ! በርጩማ!” አለችው። ሳይከራከር ሄዶ ቁጭ አለ። እኔ በበኩሌ ይህን ፍርድ አልተቃወምኩም።

አንድ ቀን የሰፈራችን ሽማግሌ ቡና ሊጠጡ መጡ። ጅማ ላይ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት አለመጥራት አይታሰብም፤ እሳቸውም ከእናቴ ሲኒ አይቀሩም። ጨዋታው ደርቶ፣ ሲኒውን ከረከቦቱ ላይ ሲያነሱ እጃቸው ተንቀጠቀጠና ቡናው ፈሰስ አለ፤ ቄጠማው ላይ። ሚጡ ከፈንዲሻው ቀና አለች።

“አባባ! ደፋህ! ና በርጩማ!”

ቤቱ ጸጥ አለ። እናቴ “ውይ በሞትኩት!” ብላ ፊቷን ሸፈነች። አንተ ማለቷ፣ ና ማለቷ፣ ያውም እሳቸውን! እኔ መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስታዬ ነበር። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። ከዘራቸውን ተመርኩዘው ቀስ ብለው ተነሡ፣ ሄደው በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

“ቅጣቱ ስንት ደቂቃ ነው እናቴ?” አሏት።

“ሁለት!”

ባለቤቴ ሊያስረዳቸው ብሎ “አባባ፣ በዕድሜ ልክ ነው፤ ለአንድ ዓመት አንድ ደቂቃ” አላቸው። እሳቸው ትንሽ አሰቡና ወደ እናቴ ዞሩ።

“እኔ እኮ ሰባን ተሻግሬያለሁ። እንግዲያውስ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እዚሁ አምጡልኝ።”

ቶናውንም በረካውንም በርጩማው ላይ ሆነው ጠጡ። ሚጡ አጠገባቸው ቆማ እየጠበቀቻቸው ነበር።

እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ ተመካከርን። ወንበሩ ጨዋታ ከሆነ ቅጣትነቱ አበቃ ማለት ነው። ከዚህ ወዲህ ለመምታትና ለመንከስ ብቻ ሆነ፤ ለሌላው ጥፋት ሁሉ በርጩማ የለም። የተደፋ ነገር ቅጣቱ መጥረግ ነው። የተወረወረ ነገር ቅጣቱ ማንሳት ነው። ሰው ላይ መፍረድ ደግሞ የእማዬና የአባዬ ሥራ ነው ተባለች። ይህን የመጨረሻውን እስካሁን አልተቀበለችም።

ስለ እናቴ ላውራ። እናቴ በድሮው መንገድ ነው ያሳደገችን፤ ቁንጥጫም ነበር፣ የበርበሬ ጢስ እየተባለም እንስፈራራ ነበር። ለልጅ ልጇ ግን አንጀቷ አይችልም። እኔ ድምፄን ከፍ ካደረግኩ “ልጄን አታስለቅሺብኝ!” ትላለች። እሷ ራሷ ስትቆጣ ያላት መሣሪያ አንድ ነው፤ አያ ጅቦ። ጅማ ላይ ደግሞ ይህ ባዶ ማስፈራሪያ አይደለም፤ ሌሊት ጅብ ሲጮኽ ይሰማል።

አንድ ማታ ሚጡ አልተኛም ብላ አስቸገረች። ልክ በዚያ ሰዓት ከሩቅ ጅብ ጮኸ። እናቴ አጋጣሚውን አላባከነችም። “ሰማሽው? አያ ጅቦ ነው። ማን ነው ያልተኛ እያለ ነው!”

ሚጡ ብድግ ብላ ተቀመጠች። ጆሮዋን ቀሰረች። ከዚያ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብላ ብርድ ልብሱን ገለጠችና አጠገቧ ያለውን ቦታ መታ መታ አደረገች።

“ይምጣ። ከኔ ጋ ይተኛ።”

እናቴ እኔን አየችኝ። እኔ ጓዳ ነበርኩ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እናቴ የደም ግፊት መድኃኒት አላት፤ ስትውጠው ታማርራለች፣ አንዳንዴም “ዛሬ ደህና ነኝ” ብላ ልታልፈው ትሞክራለች። አንድ ጠዋት ኪኒኗን በእጇ ይዛ ስታመነታ ሚጡ ወገቧን ይዛ ፊቷ ቆመች። “እማማ፣ ዋጪ! አያ ጅቦ መጣ!” እናቴ ዋጠች። አሁን በየቀኑ በሰዓቱ ትውጣለች፤ ጠባቂ አላት። ማስፈራራት የማይሠራው ለሕፃን ነው መሰለኝ።

ከጅቡ ይልቅ የከፋው መርፌ ነው። ሕፃን እህል እንዲበላ “ካልበላሽ መርፌ ትወጊያለሽ” ማለት በየቤቱ ያለ ነገር ነው። እኛም ጋ እየተባለ ነበር። ከዕለታት አንድ ቀን በየ6 ወሩ የሚሰጠውን ቫይታሚን ኤ ላስጨምርላት ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድኩ። ይህ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ላሉ ልጆች የሚሰጥ ነው፤ መርፌም የለውም፣ አፍ ውስጥ ጠብ የሚደረግ ነው። ነርሷ ነጭ ጋወኗን ለብሳ ብቅ ስትል ሚጡ እጄን ለቀቀች። ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄደች።

“በላሁ!” አለች፣ ሆዷን ገልጣ እያሳየች። “ሽሮ በላሁ! እንቁላል በላሁ! ዳቦም በላሁ!”

የምትናዘዝ ነው የምትመስለው። ወረፋ የያዙት እናቶች በሳቅ ፈረሱ። ነርሷም ስቃ “ጎበዝ፣ እንግዲያውስ ለጎበዝ የሚሰጥ ጠብታ አለኝ” አለቻት። አፏን ከፈተች፣ አለቀ።

ይህኛው ግን ስንስቅ ከርመን ቁም ነገር ያወጣንበት ነው። ሐኪም ቤትን ቅጣት አድርገን ካስተማርናት የታመመች ቀን ማን ሊያስመረምራት ነው? ለእናቴም ከልጁ ራቅ ብለን፣ ቡና ላይ፣ በወጉ ነገርኳት። ልጅ ፊት አያትን ማረም ጥሩ አይደለም፤ አንደኛ ነውር ነው፣ ሁለተኛ ልጅቷ ክፍተቱን ወዲያው ታገኘዋለች። እናቴም ተስማማች። በመርፌ ማስፈራራት ቀረ። ጅቡን ግን አልተወችም፤ “እሱማ የኔ ነው” አለች።

ቁንጥጫውስ? አንዴ እናቴ ብልጭ ብሎባት “ቆይ እቆነጥጥሻለሁ!” ስትላት ሚጡ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን አቀረበች። ለክትባት የለመደችውን መሆኑ ነው። “እዚህ ጋ” አለች። ቀጥላም መዳፏን ዘርግታ “ከዚያ ከረሜላ!” አለች። በዚያው ቁንጥጫ የሚባል ነገር ከቤታችን ወጣ። በነገራችን ላይ በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይናገራል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ምክር ወላጆች ልጆቻቸውን እንዳይመቱ፣ እንዳይጮኹባቸውና እንዳያዋርዷቸው አሳስቧል። እኔን ግን ከሁሉም ይልቅ ያሳመነችኝ ያቺ የተዘረጋች መዳፍ ነች። ቁንጥጫን የከረሜላ መግዣ ካደረገችው ምኑን ቅጣት ሆነ?

ውሸትም ጀምራለች። ደስ የሚለው ገና አልቻለችበትም። የጅማ ማር ቤታችን አይጠፋም፤ ጠርሙሱ ከታች ነበር። ስደርስ ክዳኑ መሬት ላይ ነው። ሚጡ መጋረጃው ውስጥ ናት፤ ከጉልበት በታች እግሯ ውጭ ነው፣ መጋረጃው ደግሞ አገጯ ላይ ተጣብቋል።

“ሚጡ የት አለች?”

“የለችም” አለ መጋረጃው።

“ማሩን ማን በላው?”

“ድመቷ።”

“የት ሄደች ድመቷ?”

ዝምታ። ከዚያ በጣም በቀጭን ድምፅ፣ “ሚያው።”

እሷ እኛን ካላየችን እኛም የማናያት ነው የሚመስላት። ሌላው ሰው ከእሷ የተለየ ነገር እንደሚያይና እንደሚያውቅ ልጆች በደንብ የሚገባቸው አራት ዓመት ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ የዚህ ዕድሜ ውሸት ተንኮል የለበትም፣ ምኞት ነው፤ ድመቷ በበላችው ኖሮ ማለቷ ነው። መልሱን የማውቀውን ጥያቄ መጠየቅ ትቻለሁ። “ማን በላው?” ማለት ዋሺ ብሎ መጋበዝ ነው። አሁን “ማር በልተሻል፣ ነይ አፍሽን እንታጠብ” እላለሁ። ማሩንም ቁም ሳጥን ላይ ሰቅለነዋል። ያ ቀን ግን “ሚያው” ስትል ምንም መናገር አልቻልኩም፤ ጓዳ ስገባ እናቴ ቀድማኝ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ሳቁ አንድ ነገር ልበል። እንግዳ ቤት ሄዳችሁ ልጃችሁ ሲያጠፋ ሰው ሁሉ ከሳቀ፣ ጥፋቱ በማግስቱ እንደሚደገም እወቁት። ለእሷ ሳቅ ጭብጨባ ነው። የድሮ ሰዎች “ፊት አትስጡት” የሚሉት ወደው አይደለም። እኛ ቤት ሕጉ እንዲህ ነው፤ ሳቁ የመጣበት ሰው ይወጣል፣ ያልመጣበት ሰው ይቆጣል። ሁለታችንም ላይ ከመጣ ቁጣው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ማታ ከተኛች በኋላ ግን እየተረክን ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን። ይህ ባይኖር የቀኑን ልፋት እንዴት እንደምንችለው አላውቅም።

በጣም ያላበኝ የሐሙስ ገበያ ነው። ሂርማታ ሐሙስ ቀን እንዴት እንደሚሆን ለጅማ ሰው አይነገርም። ሚጡን ይዤ ሽንኩርት ልገዛ ወጣሁ። ሀብሐብ የሚያህል ኳስ አይታ “ግዢልኝ” አለች። “ዛሬ ሽንኩርት ነው የምንገዛው” አልኳት። ተዘረረች። ጭቃው ላይ፣ በጀርባዋ፣ እግሯን እያወራጨች።

ወዲያው ጉባኤ ተሰበሰበ። አንዷ “ግዢላት ባክሽ፣ ምን አለበት!” አንዷ “ሁለት ጊዜ ቂጧን ብትያት ታቆማለች።” አንዷ “ዓይን በልቷት ነው።” ቲማቲም የምትሸጠው ሴትዮ ደግሞ በኦሮምኛ “ዲሲ፣ ዲሲ!” ትላታለች፤ ተይ ማለቷ ነው። እኔ ባጃጅ የማይደርስበት ቦታ መሆኗን አይቼ ሁለት እርምጃ ራቅ ብዬ ሽንኩርት መምረጥ ያዝኩ። ጩኸቱ ጨመረ። እንዲህ ያለውን ለቅሶ ችላ ስትሉት መጀመሪያ ይብሳል፤ በፊት ይሠራ የነበረው ነገር ለምን እንዳልሠራ በጩኸት እየሞከረች ነው። እዚያ ላይ እጅ ከሰጣችሁ የምትማረው እስከዚያ ድረስ መጮኽ እንዳለባት ነው።

ከዚያ ድንገት ጸጥ አለ። በጎን ዓይኔ ሳይ አንገቷን ቀና አድርጋ እኔን ትፈልጋለች። ሽንኩርቱ ከልሏት አላየችኝም። ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች። ዞራ እኔ ፊት ለፊት መጣችና በጥንቃቄ፣ ደረቅ ቦታ መርጣ፣ እንደገና ተዘረረች። ከዚያ ጩኸቷን ካቆመችበት ቀጠለች።

ቲማቲም ሻጯ ቅርጫቷ ላይ ተደፋች። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ሽንኩርት የሚመርጥ ሰው ማልቀሱ አይደንቅምና እግዜር ይስጠው ሽንኩርቱ ከለለኝ። ጥቂት ቆይታ ደከማትና መጥታ እጄን ያዘች። ስለ ኳሱ አላነሣችም፣ እኔም አላነሣሁም። ድል አደረግኩ ብዬ ስሄድ ቲማቲም ሻጯ ጠርታ “ለዚች ጀግና” ብላ ማንጎ ሰጠቻት። እንግዲህ ምን ይደረጋል?

እስከ ሦስት መቁጠርንም ሞክረናል። “አንድ… ሁለት…” ስል እሷ “ሦስት፣ አራት፣ ሰባት፣ ዐሥር!” ብላ ታጨበጭባለች። ይህን ተውነው። ጥቅሙ ቁጥር መልመዷ ነው።

የሰሞኑ ጉዳያችን ይቅርታ ነው። ስታጠፋ ይቅርታ ማለት አስተማርናት። ተማረች። አሁን የምትለው አስቀድማ ነው። “ይቅርታ እማዬ” ስትል ከሰማሁ ከተቀመጥኩበት እስፈነጠራለሁ፤ ጥፋቱ ገና እየመጣ ነው። ትናንት የውኃ ጆጉን በሁለት እጇ ይዛ ምንጣፉ ዳር ቆማ “ይቅርታ” አለች፣ ዓይኔን እያየች። ከዚያ ደፋችው። ሕጉ የደፋ ይጥረግ ነውና ጨርቅ ሰጠኋት። በደስታ ጠረገች። መጥረግ ለካ ትወዳለች። ጠርጋ ስትጨርስ ጨርቁን ጨምቃ አየችው፣ ጆጉን አየችው።

“ይቅርታ” አለች።

ለዚህኛው መላ ገና እየፈለግን ነው። ለጊዜው ጆጉ ከማሩ ጋር ቁም ሳጥን ላይ ወጥቷል፤ ለእሷ ደግሞ ግቢ ውስጥ የራሷ ጣሳና የራሷ ጨርቅ ተሰጥቷታል። እዚያ እየደፋች ትጠርጋለች። ምንጣፉ እስኪደርቅ ቡናችንን በረንዳ ላይ ነው የምንጠጣው።